ዜናና የልጆቻችን እንግሊዝኛ

ቢቸና የምትኖር አንዲት እናት በቅርቡ ስታጫውተን፣ «ልጄ ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፋ ዘጠነኛ ስትገባ አፏ ተያዘ» አለችን። ልጅቱ የሰነፈች መስሏት ተቆጥታታለች። ነገሩ ግን ስንፍና አልነበረም። አብዛኛውን ትምህርት በአማርኛ ስትማር የኖረች ልጅ፣ ታሪኩም ባዮሎጂውም ባንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነባት። እናትየዋ ቋንቋውን አታውቅምና በምን ትርዳት?

ይህ የብዙ ቤት ችግር ነው። በ1997 ዓ.ም. የ«ፕላዝማ» ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ሲጀመር፣ የቴሌቪዥኑ መምህር እንግሊዝኛውን እያፈጠነ ሲያልፍ «ይድገሙልን» ማለት አይቻልም ነበር። የእጅ ስልክ ግን ይታዘዛል፤ ሲያቆሙት ይቆማል፤ ሲመልሱት ይመለሳል።

ሞታ ከተማ መምህርት የሆነች እህቷ የነገረቻት ዘዴ በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። በመጀመሪያ እናትና ልጅ አንድ ዜና በአማርኛ ይሰማሉ። ቀጥሎ ልጅቱ ያንኑ ዜና በእንግሊዝኛ፣ ከሁለት ደቂቃ ባልበለጠ ቪዲዮ ትመለከታለች። ፍሬ ነገሩን አስቀድማ ስለምታውቀው ጆሮዋ ወደ ቃላቱ ይሄዳል። በሁለተኛው ዙር እያቆመች አምስት አዲስ ቃላት ትጽፋለች፤ በሦስተኛው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትደግማለች። በመጨረሻም ስልኩ ይዘጋና ዜናውን በእንግሊዝኛ፣ ከዚያም በአማርኛ ትናገራለች። እናት «የት? መቼ? ማን?» እያለች የጎደለውን ታስሞላለች። ለዚህ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም።

ሰዋስውም አብሮ ይመጣል። ለምሳሌ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ እንውሰድ። የእንግሊዝኛ ዜና አርዕስቱን «ኒው ብሪጅ ኦፕንስ» ብሎ፣ ዝርዝሩን «ዘ ኒው ብሪጅ ኦፕንድ የስተርደይ» ሊል ይችላል። አርዕስት ያለፈውን ድርጊት አሁን እንደሚሆን አድርጎ ይናገራል፤ «ዘ»ንም ይጥላል። ልጅ ይህን ልዩነት ራሷ ካገኘችው አትረሳውም።

«ቃላት አልበቃኝም» ለምትል ልጅም መልስ አለ። የአሜሪካ ድምፅ በ1952 ዓ.ም. ለቋንቋ ተማሪዎች የጀመረው ቀስ ያለ የእንግሊዝኛ ዝግጅት፣ የዓለምን ዜና ያሰማ የነበረው በ1500 ያህል ቃላት ነበር።

ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ከቢቸና ብዙ በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ ግስ በቃሉ ያጠናል፤ ከመምህሩ አፍ ሰምቶ፣ ደጋግሞ፣ ከዚያ ቅኔውን ይቆጥራል።

እናንተም እናቶች ብትሞክሩት ሁለት ነገር አትርሱ። ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት ጥቂት ቪዲዮዎች አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ መስመሩ ሲቋረጥ ጥናቱ አይቋረጥም። ደግሞም ዜናውን እናንተ ምረጡ። የሞትና የደም ወሬ ለልጅ የቋንቋ መማሪያ ሊሆን አይገባውምና፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ስፖርት የሚናገረው ይሻላል። እንጀራው እስኪጋገር ያለው ሩብ ሰዓት ይበቃል።

የቢቸናዋ ልጅ አንደኛ ወጣች ለማለት አይደለም። ሆኖም ከሁለት ወር በኋላ በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ መምህሯን በእንግሊዝኛ ጠይቃለች። እናትየዋም እየሳቀች፣ «እኔም እኮ ብሪጅ ማለት ድልድይ መሆኑን አወቅሁ» ብላናለች።