ልጆችን ፈጣንና ዘገምተኛ ብሎ ስለ መለየት

በአንድ ዓመት የተዘራ እህል ሁሉ በአንድ ቀን አይታጨድም። ጤፍ በጥቂት ወራት ይደርሳል፤ ማሽላ ግን ብዙ ይቆያል። ነገር ግን ማሽላው ዘገየብኝ ብሎ እርሻውን የሚተው ገበሬ የለም። እንግዲህ ገበሬ ለእህል ያለውን ትዕግሥት መምህር ለልጅ ሊያጣው አይገባም።

ልጆችን በፈተና መዝኖ ፈጣኖቹን በአንድ ክፍል፣ ዘገምተኞቹን በሌላ ክፍል ማኖር መልካም ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ምክንያታቸውም ከንቱ አይደለም። ፈጣኑ ያወቀውን ደጋግሞ ሲሰማ ይሰለቻል፤ ዘገምተኛውም ያልገባውን እያለፈ ይቀራል፤ መምህሩም በሁለቱ መካከል ይጨነቃል ይላሉ። ይህን ጭንቀት እኔም አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ንባብ የሚፈጥኑትን ልጆች ከፊት፣ የሚዘገዩትን ከኋላ አስቀመጥሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከኋላ ከተቀመጡት አንዱን ልጠይቀው ብጠራው፣ «መምህር ሆይ፣ እኔ የኋለኛ ነኝና ፊተኞቹን ይጠይቁ» አለኝ። ጥያቄውን ገና ሳይሰማ መልሱን ተወው። በሌላ ቀን ይህንኑ ልጅ በገበያ አገኘሁት፤ የእናቱን እህል በቁና እየሰፈረ ሲሸጥ ሒሳቡን ያለ ወረቀት ፈጥኖ ያወጣ ነበር። በንባቡ ብቻ መፍረድ ሲገባኝ በልጁ ሁለንተና ላይ እንደ ፈረድሁ አውቄ አፈርሁ። በማግሥቱ መቀመጫውን ሁሉ አደባለቅሁ፤ ያ ልጅ ግን ደፍሮ እጁን እስኪያነሣ ድረስ ብዙ ወራት ፈጀበት።

አንድ መምህር የሚሠራውን ስሕተት መንግሥት ሲሠራው ጉዳቱ ይበዛል። በእንግሊዝ አገር በ1944 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የትምህርት ሕግ ከወጣ በኋላ ልጆች 11 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ይፈተኑ ነበር። ያለፉት ወደ ከፍተኛ ትምህርት በሚያደርሰው ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር፤ የሚበዙት ግን ወደ ሌላው ይላኩ ነበር። ነገር ግን የዚያ ትምህርት ቤት ቦታ በአንዱ አውራጃ ብዙ፣ በሌላው ጥቂት ስለ ነበረ፣ በአንዱ ስፍራ ባሳለፈው ውጤት ልጁ በሌላው ስፍራ ወደቀ ይባል ነበር። ታዲያ የተለካው የልጁ አእምሮ ነውን ወይስ የወንበሩ ቍጥር? በ1965 መንግሥቱ ራሱ አውራጃዎቹ ልጆችን ሁሉ በአንድነት የሚቀበል ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ጠየቀ፤ ሆኖም ፈተናው በአንዳንድ አውራጃ እስከ ዛሬ አለ።

በአገራችን የቄስ ትምህርት ቤት ዱላ ቢበዛም አንድ መልካም ልማድ ነበረው። ፊደል የሚቈጥረውና ዳዊት የሚደግመው በአንድ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የያዘውን ሳያውቅ ወደሚቀጥለው አያልፍም፤ የቀደመውም የዘገየውን ያስጠናል። ቅዱስ ያሬድም በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ እንደ ሸሸ፣ በኋላም ትል በዛፍ ላይ ደጋግሞ እየወደቀ ሲወጣ አይቶ እንደ ተመለሰ ይተረካል። ስለ ትሉ ትጋት ብዙ ተነግሯል። እኔ ግን የጌዴዎንን ደጅ አስባለሁ፤ ያሬድ ሲመለስ ደጁ ተዘግቶ ቢያገኘው ኖሮ ትጋቱ ምን ይጠቅመው ነበር?

ስለዚህ ለአንድ ትምህርት፣ ለጥቂት ሳምንታት ልጆችን መከፋፈል ቢያስፈልግ ይደረግ፤ ፈጣኑም ተጨማሪ ሥራ ይሰጠው፤ ክፍፍሉም በየወሩ ይመርመር። ነገር ግን ለልጅ የዘገምተኛነት ስም ሰጥቶ በዚያው ማስቀረት አይገባም። ትምህርቱን እንለይ እንጂ ልጁን አንለይ።

አንተም ልጄ ሆይ፣ ከፊት ብትቀመጥ አትታበይ፤ የምታውቀውን ለጓደኛህ አካፍል። ከኋላም ብትቀመጥ መቀመጫህን ስምህ አታድርገው።