ሙግት፦ አርክቴክቱ በነደፈው ፎቅ ውስጥ ይኖራል?

አርክቴክቱ፦ እኖራለሁ

ዲላ ውስጥ ሳይት ላይ በቆምኩ ቁጥር ይህን የሚጠይቀኝ አይጠፋም። እኖራለሁ፤ ምክንያቱም መሬቱን አስልቼዋለሁ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ዲላ ያለችበት ጌዴኦ ዞን በ1,210 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 847,434 ሰው ነበረው። ለአንድ ሰው 1,400 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። እንሰቱም፣ ቡናውም፣ መንገዱም፣ መቃብሩም ከዚያው ላይ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ደግሞ አልተቆጠረም።

ዩኔስኮ መስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዋጋ የሰጠው ዛፍ፣ ቡናና እንሰት ተደጋግፈው ለሚበቅሉበት የእርሻ ጥበብ ነው። ሃያ አባወራ በየመቶ ካሬው ቪላ ቢሠራ 2,000 ካሬ ይሄዳል። በጂ ፕላስ 4፣ በየወለሉ አራት ቤት ቢሆን፣ ከነደረጃው 500 ካሬ ይበቃል። ቀሪው የእንሰት ነው። ዝነኛው አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1934 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ፓሪስ ውስጥ ራሱ በሠራው አፓርታማ ኖሯል።

መምህርቷ፦ መጀመሪያ እደርበት

የአያቴ ቤት ጌዴኦ ደጋ ውስጥ፣ ቡሌ ነው። የቡሌ ብርድ ለዲላ ሰው ቢነግሩት አይገባውም። ቤቱ ክብ ነው፣ ግድግዳው የቀርከሃ ሽመና፤ እሳቱ ተዳፍኖ እንኳ ሙቀቱ እስኪነጋ አይለቅም። ያን ቤት የሠሩት ሰዎች ውስጡ አድረዋል።

እኔ ዲላ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይቼ ነበር። ፊቱ በሙሉ መስታወት፣ ወደ ምዕራብ የዞረ። በበጋ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልጄን ይዤ ወጥቼ ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክሜ እወጣለሁ። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ መጀመሪያ ያየችው ጓሮ አለመኖሩን ነው። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚብላላው፤ በየትኛው ወለል ይቆፈር? ከጎረቤት ሰው ሲሞትብን ድንኳኑን አስፋልት ዳር ተከልን፤ ለቀስተኛው በመኪና መሀል ተቀመጠ።

ሕንጻውን የነደፈው ሰው የት እንደሚኖር አጠያየቅሁ። ግቢው ሰፊ ነው፤ አቮካዶ ተተክሎበታል፤ በረንዳው ነፋስ ያገኛል። ቤት የሰው ልጅ የሚወለድበትና የሚታመምበት ነው። ራስ የማያድሩበትን ለሌላው መንደፍ ነውር ነው።

አርክቴክቱ ሲመልስ

እህቴ፣ «ነውር» ያልሽው አንገብግቦኛል። መስታወትን ያለ ጥላ ወደ ምዕራብ ማዞር የንድፍ ስሕተት ነው፤ የፎቅ ጥፋት አይደለም። ሰፊ በረንዳና ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች ቢኖሩት ደረጃ ላይ አትቀመጪም ነበር። ግቢ ያለው ቤት ሁሉም ይኑረው ካልን ቡናው ይመንጠር ማለታችን ነው።

መምህርቷ ስትመልስ

ስለ ፓሪሱ ሰው ከተነሳ፣ ሌ ኮርቡዚዬ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ለራሱ ማረፊያ ያሠራው በባሕር ጠረፍ ያለች አንዲት የእንጨት ክፍል ነው፤ 3.66 በ3.66 ሜትር፣ ደጃፏ ዛፍ። ፎቁን ያውቀዋል፤ ሊያርፍ ሲፈልግ ግን ወደ መሬት ወረደ። አንተም ወንድሜ፣ «እኖራለሁ» አልክ እንጂ ዛሬ ማታ የት እንደምታድር አልነገርከንም።