ስለ ምጣዳችን እሳት

የሰው ልጅ በጥበቡ ያወጣው መሣሪያ ሁሉ ለጥቅምም ለጉዳትም ሊውል እንደሚችል የታወቀ ነው። የአየር ጠባይ መለወጥ ዓለምን ባሳሰበበት በዚህ ዘመንም ይኸው እውነት እየታየ ነው። እኛም ነገሩን በዚህ ወር ከሩቅ ሳይሆን ከማድ ቤታችን፥ ከምጣዱ ሥር ልንመለከተው ወደድን።

ዛፍ በሕይወት ሳለ ከአየሩ የሚስበውን ካርቦን በግንዱና በሥሩ ያከማቻል። ተቆርጦ ሲነድ ግን ያ ክምችት ወደ አየሩ ይመለሳል፤ በምትኩም ሌላ ዛፍ ካላደገ ምድርን በሚያሞቀው አየር ላይ ይጨመራል። በሦስት ጉልቻ መካከል የሚነደው እሳት ደግሞ አብዛኛው ሙቀቱ ለምጣዱ ሳይተርፍ በየጎኑ ይባክናል። ጭሱም እናቶችንና በጀርባቸው ያዘሏቸውን ሕፃናት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ በሚጨስ እሳት ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል።

ጥበብ ለዚህ መፍትሔ አላጣችም። ከሲሚንቶና ከቀላል የገሞራ ጠጠር የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው የማገዶውን ወጪ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከነጭራሹ ጭስ የለውም፤ የአገራችንም መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚገኝ ስለሆነ ምጣዱን ለማጋል የሚቆረጥ ዛፍ የለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው።

ነገር ግን ይኸው ኃይል ሌላ በላተኛም አግኝቷል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ፥ ቢትኮይን የተባለውን በእጅ የማይጨበጥ ገንዘብ ለማውጣት ሌትና ቀን ቁጥር ሲገምቱ የሚውሉና የሚያድሩ ኮምፒዩተሮች ወደ አገራችን ገብተው እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲገዙ ቆይተዋል። የውጭ ምንዛሪ ማስገኘታቸውን አንክድም። ሆኖም ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም። የገጠር እኅታችን ዛሬም የማገዶ ሸክሟን ተሸክማ ዳገት ትወጣለች። እንግዲህ የሽያጩ ገንዘብ ወደ እርስዋ የሚደርሰውን መስመር ካልዘረጋ፥ ጥቅሙ ለማን ነው ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ደግሞም ውኃው ኃይል የሚሰጠን ዝናቡ በወቅቱ ሲዘንብና ተራራው ዛፍ ሲለብስ ነው። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ፥ ከተራቆተው መሬት እየታጠበ በሚወርደው ደለል እየተሞላ መቸገሩ ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ የደጋውን ዛፍ የሚያጠፋ የከተማውንም መብራት ያጠፋል።

አባቶች «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» እንዳሉት፥ ምጣድ መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ አያያዙም ሊታሰብበት ይገባል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ይኸውም 10 ዋት የሆኑ 300 አምፑሎችን ያበራል ማለት ነው። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር፥ ምጣዱ አንድ ጊዜ ከጋለ የሰሞኑን እንጀራ ጋግሮ መጨረስ፤ ሰው ሁሉ መብራት በሚያበራበት በምሽት ሰዓት አለመጋገር፤ አክንባሎውን በደንብ መክደን ይበጃል። ማገዶ የግድ የሆነበት ቤትም ምድጃውን ይከልል፤ ባነደደውም ዛፍ ምትክ ይትከል። ከእያንዳንዱ ቤት የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ከሚሊዮን ቤት የሚተርፈው ግን ገና በጨለማ ላለው ወገናችን ብርሃን ይሆናል።