ወራሹን የሚያስረው ውሉ ነው ወይስ የመሬቱ ዋጋ?

የአሜሪካን የከብት እርባታ መሬት ከግንባታ ለመጠበቅ በሚፈረሙ ውሎች ላይ አንድ ትችት ደጋግሞ ይነሳል፤ አባት ዛሬ ገንዘብ ወይም የግብር ቅናሽ ተቀብሎ ያልተወለደ የልጅ ልጁን እጅ ለዘለዓለም ያስራል የሚል። ከሕግ አንጻር ትክክል ነው፤ ውሉ ከመሬቱ ጋር ስለሚተላለፍ የገዛም የወረሰም ይገደድበታል። እኔ የማልቀበለው ውሉ ባይኖር ወራሹ እንደልቡ ይሆን ነበር የሚለውን ግምት ነው።

ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ባለው ማሪን ካውንቲ፣ የወተት ላም አርቢዋ ኤለን ስትራውስና የሥነ ሕይወት ባለሙያዋ ፊሊስ ፌበር በ1980 እ.ኤ.አ. ለእርሻ መሬት ብቻ የቆመ የጥበቃ ማኅበር መሠረቱ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ገማች መሬቱን ሁለት ጊዜ ይገምተዋል፤ ግንባታ ሲፈቀድበትና ሲከለከልበት። ማኅበሩ ልዩነቱን ይከፍላል፤ መሬቱም ላሞቹም የባለቤቱ እንደሆኑ ይቀጥላሉ። አሁን አባት ሞቶ ከአራት ልጆች አንዱ ብቻ ማርባት ፈለገ እንበል። ሦስቱ ድርሻቸውን በገበያ ዋጋ ይጠይቃሉ። ገበያው የሚያወራው የቪላ ዋጋ ነው፤ ወተት ሸጦ ያንን የሚከፍል ደግሞ የለም። ስለዚህ ርስቱ ይሸጣል፤ ምርጫ የተባለውም ይኸው ነው። የውሉ ክፍያ ግን የእህት ወንድሞቹን ድርሻ ሊሸፍንለት ይችላል፤ መቅረት የፈለገው ይቀራል።



ተቺዎቹ ሊጠይቁ የሚገባቸው ተቃራኒውን ነበር። የቀድሞዎቹ ውሎች ቤት መደርደርን ከለከሉ እንጂ እርሻ መተውን አልከለከሉም። ሀብታም ገዢ ግንባታ የታገደበትን መሬት ለመዝናኛ ቢገዛው፣ አጥሩና ሣሩ እንዳሉ ሆነው ከብቶቹ ይወጣሉ፤ ውሉም አልተጣሰም። የማሪኑ ማኅበር በኋላ መሬቱ በእርሻ ሥራ ላይ እንዲቆይ የሚያስገድድ አንቀጽ ያስገባው ለዚህ ነው። ውሉ የላላው እንግዲህ በዚህ በኩል ነበር።

«ለዘለዓለም» የሚለውም ቢሆን ድርድር አያጣውም። በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ድንበር አርቢዎች በ1994 ያቋቋሙት ማልፓይ ቦርደርላንድስ ግሩፕ ለአንዳንዶቹ የከፈላቸው በሣር ነው፤ ግጦሽ ሲያጥራቸው ከብቶቻቸውን ወደ ሰፊው ግሬይ ራንች ነዱ፣ በምላሹም መሬታቸውን የመከፋፈል መብታቸውን ሰጡ። አርቢው ከመንግሥት የተከራየውን ግጦሽ ያለጥፋቱ ቢነጠቅ ከውሉ የሚወጣበት በርም አስቀምጠዋል፤ ያ ግጦሽ ከሌለ የግል መሬቱ ብቻውን መንጋውን አይችልምና።