ባንዲራ ተከትሎ ወይስ ብቻን? የቤጂንግ የአንድ ቀን ጉብኝት

ሥልጠናውን የጨረሰ ባለሙያም ሆነ ዕቃውን ጭኖ የተገላገለ ነጋዴ፣ ወይም ቀጣዩ በረራው ነገ የሆነ መንገደኛ፣ ቤጂንግ ውስጥ አንድ ባዶ ቀን ሲያገኝ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሆቴሉ በር ላይ የሚቆመው ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ፣ ትንሽ ባንዲራ ከፍ አድርጋ የምትሄደውን አስጎብኚ እየተከተለ፣ ታላቁን ግንብና የተከለከለችውን ከተማ በአንድ ቀን ማዳረስ ነው። ሁለተኛው፣ ፓስፖርቱንና ስልኩን ይዞ ብቻውን መውጣት ነው። የሁለቱም ወገን ደጋፊዎች ብዙ ናቸው፤ የሚያቀርቡት ምክንያትም የዋዛ አይደለም።

ከአስጎብኚ ጋር መሄድ ይሻላል የሚሉት ከመግቢያው ይጀምራሉ። የተከለከለችው ከተማ የምትባለው የቀድሞ ቤተ መንግሥት ሰኞ ሰኞ ዝግ ናት። ዋጋው ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር 60 ዩዋን፣ በቀሩት ወራት 40 ዩዋን ስለሆነ አይከብድም። የሚከብደው ወረፋው ነው። ከሰባት ቀን በፊት ጀምሮ በፓስፖርት ቁጥር አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ በበዓላትና ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በጁላይና በኦገስት ቦታው ወዲያው ያልቃል። ከፊት ለፊቷ ያለው የቲያንአንመን አደባባይም የራሱ ምዝገባና ፍተሻ አለው። ስልኩም ሌላ ጣጣ ነው። እዚያ ባለው ኢንተርኔት ጉግልም ቴሌግራምም አይከፈትም። ሻይ ቤቱም ታክሲውም አሊፔይ ወይም ዊቻት በሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎች ይከፈላል። ሁለቱም አሁን የውጭ ባንክ ካርድ ይቀበላሉ፤ ግን ካርዱን ከአገር ሳይወጡ ማስገባት ይበጃል። ሻጭ ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ማለት ባይፈቀድለትም መልስ ፍለጋ ሲንከራተት ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። አስጎብኚ ድርጅቱ ይህን ሁሉ ራስ ምታት ለተጓዡ ይወስድለታል። አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚጠነክረው መከራከሪያቸው ግን ማብራሪያው ነው። ቤተ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. ከ1406 እስከ 1420 ተገንብቶ የሚንግና የቺንግ ሥርወ መንግሥታት 24 ነገሥታት ተፈራርቀውበታል። በደቡቡ በር የገባ እንግዳ ወደ ሰሜን በሄደ ቁጥር የሚያየው ቀይ ግድግዳ፣ ቢጫ ጣሪያ፣ ሰፊ ግቢ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ቀይ ግድግዳ ነው። ላሊበላን ያለ አስረጂ የዞረ ፈረንጅ የተፈለፈለ ድንጋይ አይቶ እንደሚመለሰው ሁሉ እሱም ትልቅ ግቢ አይቶ ይመለሳል። አስጎብኚዋ ግን ወደ ጣሪያው ጠርዝ ታሳየዋለች። እዚያ ላይ በሰልፍ የተቀመጡ ትናንሽ የሸክላ አውሬዎች አሉ፤ ቁጥራቸው የሕንፃው ማዕረግ ነው። ከፊት የሚቀመጠው ጋላቢ ሳይቆጠር አንዱ ጣሪያ ሦስት፣ ሌላው አምስት፣ ሌላው ሰባት፣ ሌላው ዘጠኝ ይኖረዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ላይ የሚወጣበት ዋናው አዳራሽ ብቻ አሥር አለው። በየግቢው የተደረደሩት ግዙፍ የብረትና የነሐስ ጋኖችም ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም። ከእንጨት የተሠራው ቤተ መንግሥት እሳት ሲነሳበት የሚጠፋበት ውኃ የሚጠራቀምባቸው ነበሩ፤ በብርድ ወራት ውኃው እንዳይረጋ ከሥራቸው ከሰል ይነድ ነበር። ይህን የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ የጣሪያውን አውሬዎች ሳይቆጥር አያልፍም።

ብቻዬን እሄዳለሁ የሚሉት በበኩላቸው ሰዓት ይቆጥራሉ። ሙቲያንዩ የሚባለው የግንቡ ክፍል ከመሀል ከተማ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ደርሶ መልሱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ መንገዱ ከተጨናነቀ ከዚያም በላይ ነው። ቤተ መንግሥቱ ደግሞ በሞቃቱ ወራት እንኳ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሰው አያስገባም። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ የሚታየው ግን በሩጫ ነው። ብቻውን የሄደ ሰው በሰሜኑ በር ወጥቶ መንገዱን ይሻገርና 2 ዩዋን ከፍሎ ጂንግሻን ኮረብታ ላይ ይወጣል። ኮረብታው ለቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የውኃ ቦይ ሲቆፈር በወጣው አፈር የተሠራ ነው፤ የመጨረሻው የሚንግ ንጉሥ ቾንግዠን እ.ኤ.አ. በ1644 ራሱን የሰቀለውም እዚያው ነው። አናቱ ላይ የቆመ ሰው ግቢውን በሙሉ ከእግሩ ሥር ያያል። ብዙ ቡድን ግን ጊዜ አጥሮት ሳያየው ያልፋል።

ሌላው ቅሬታ የሱቁ ነው። በርካሽ ዋጋ የተሸጠ ጉብኝት ጉድለቱን የሚሞላው ከኮሚሽን ነው። ተጓዡ በጄድ ድንጋይ ማሳያ፣ በሐር ፋብሪካና በሻይ ቅምሻ በኩል እየዞረ ግንቡ ላይ ሊያሳልፈው የሚገባውን ጊዜ እዚያ ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2013 ጀምሮ የሚሠራው የቻይና የቱሪዝም ሕግ በአንቀጽ 35 ያለ አግባብ በወረደ ዋጋ ጎብኚ ማባበልንና ከሱቅ ድርሻ መቀበልን ይከለክላል፤ ጎብኚው ጉዞው ካለቀ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ድርጅቱ ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን እንዲከፍለው መጠየቅ ይችላል። ጎብኚው ከተስማማ ግን ሱቅ መውሰድ አልተከለከለም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙን ሳያነብ የፈረመ ሰው ተስማምቷል ማለት ነው። ለአስጎብኚዎቹም ፍርድ አለመንፈግ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የረባ ቋሚ ደመወዝ የላቸውም፤ ዋጋው እንዲወርድ የሚጎተጉተውም ራሱ ተጓዡ ነው።

አስጎብኚዎች የሚነግሩትም ሁሉ እውነት አይደለም። ቤተ መንግሥቱ 9,999 ተኩል ክፍሎች አሉት፣ የሰማዩ ጌታ 10,000 ስላለው ንጉሡ በግማሽ ክፍል አሳነሰ የሚለው ወግ ጆሮ ይስባል፤ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ሲቆጥሩ ያገኙት 8,707 ነው። ግንቡ ከጠፈር ይታያል የሚለውንም የመጀመሪያው ቻይናዊ ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌይ እ.ኤ.አ. በ2003 ሄዶ አላየሁትም ብሏል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ተጓዥ ደግሞ ወጉም እውነቱም እኩል ያመልጡታል።

ብቻን መሄድም ወጥመድ አለው። ዶንግዢሜን የአውቶቡስ መናኸሪያ ላይ ሠራተኛ መስለው «አውቶቡሱ ዛሬ አይሄድም» እያሉ እንግዳውን ወደ ራሳቸው መኪና የሚወስዱ ሾፌሮች የታወቁ ናቸው። በመሀል ከተማ ደግሞ «እንግሊዝኛ እንለማመድ» ብለው ቀርበው ሻይ ቤት ካስገቡ በኋላ የማይቀመስ ሒሳብ የሚያመጡ ወጣቶች አሉ። አስጎብኚ ያለው ሰው ከሁለቱም ይድናል።

ክርክሩ የማያልቀው ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ዋጋ ታስረው ስለሚሸጡ ይመስለኛል፦ ምዝገባ፣ መኪናና ማብራሪያ። ሁለቱ ቦታዎች የሚጠይቁት ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ግንቡ ማብራሪያ ብዙም አያሻውም፤ ተራራው ጫፍ ላይ ሲጋልብ ያየው ሰው ለምን እንደተሠራ ይገባዋል፤ የሚያስፈልገው መጓጓዣና ጊዜ ነው። ባዳሊንግ ወደሚባለው ሌላው የግንቡ ክፍል ደግሞ ከቺንግሄ ጣቢያ በፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ባቡሩ የሚያወርደው ከመሬት በታች 100 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ጣቢያ ነው። ቤተ መንግሥቱ ግን የምድር ውስጥ ባቡር አጠገቡ ስለሚያደርስ መኪና አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የሚያስረዳ ሰው ነው። የተለመደው የአንድ ቀን ጉብኝት ግን አብዛኛውን ክፍያ ለመንገዱ አውሎ፣ ንግግር የሚያስፈልገውን ግቢ በጥድፊያ ያሳልፈዋል።

ሁለት ወዶ አይሆንም ይባላል፤ እዚህ ግን ይሆናል። ሁለት ቀን ያለው ሰው ወደ ግንቡ በባቡር ብቻውን ሄዶ፣ ለቤተ መንግሥቱ ለግማሽ ቀን ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ቢይዝ ከሁለቱም ወገን የሚበጀውን ይወስዳል። አቅም ካነሰው እዚያው የሚከራየው የድምፅ ማብራሪያ መሣሪያ አለለት። አንድ ቀን ብቻ ላለው፣ አረጋዊ ወላጅ ወይም ልጅ ላስከተለ፣ በስልክ መክፈል ላልለመደ ሰው የቡድኑ ሚኒባስ የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። እሱም ቢሆን ከመክፈሉ በፊት ሱቅ መኖር አለመኖሩን፣ ግንቡ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በጽሑፍ ይጠይቅ። ድርጅቱ ሦስቱንም በግልጽ ከመለሰ ዋጋው ውድ ቢመስልም ያዋጣል፤ ካድበሰበሰ ግን ርካሹ ዋጋ በሱቁ በኩል እንደሚከፈል ይወቅ።