ከባሕር የሚመለስ ወሬ

አንባቢ ሆይ! በክረምት ማታ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከቂርቆስ ወደ ካዛንቺስ በታክሲ ሲጓዙ መንገዱን ልብ ብለው ያውቃሉን? ደረቁ አስፋልት የመኪናውን መብራት መልሶ ያሳይዎታል፤ ውሃ የተኛበት ግን ጠቁሮ ይታያል። ይኸውም ለስላሳው ውሃ ብርሃኑን እንደ መስተዋት ወደ ፊት ሲያነጥረው፣ ሻካራው አስፋልት በየአቅጣጫው በትኖ ከፊሉን ወደ ዓይንዎ ስለሚመልሰው ነው።

ስካተሮሜትር የተባለው የሳተላይት ራዳር ሥራም ይኸው ነው። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወደ ሰማይ የተላከችው ሜቶፕ ሲ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ሆና የራዳር ሞገድ አዘንብላ ወደ ባሕር እንድትልክ ተሠርታለች። ባሕሩ ጸጥ ካለ ሞገዱ ወደ ሌላ ነጥሮ ይሄዳል፤ ነፋስ የውሃውን ፊት ካሻከረው ግን ከፊሉ ይመለሳል። የሚመለሰው ሲበዛ ነፋሱ መበርታቱ ይታወቃል። አቅጣጫውስ? አንዱ ስፍራ በሦስት አንቴናዎች ከሦስት ማዕዘን ስለሚታይ፣ የሦስቱ መልስ ተመሳክሮ ይገኛል።

«ባሕር ለሌለን ለእኛ ምን ይረባናል?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ክረምታችን እርጥበት ከሚያገኝባቸው ስፍራዎች አንዱ የህንድ ውቅያኖስ ነው፤ በዚያ ሰፊ ውሃ ላይ ደግሞ ነፋስ የሚለካ ጣቢያ ጥቂት ነው። በየብስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሻካራው አፈር በረጠበ መጠን ሞገዱን አብልጦ ይመልሳልና የማሳው እርጥበት ይገመታል።

ዝናብ ሲዘገይ ለእኛ ለከተሜዎቹ ጃንጥላን ቤት መተው ነው፤ ለገበሬው ግን ዘሩን መቼ ይዝራ የሚል ጭንቅ ነው። እንግዲህ ጥቁሩን አስፋልት ሲያዩ ይህን ያስቡ።