ሐውልቶቹን ማን አጠባቸው?

ስለ ጥንታዊት ግሪክ ኪነ ጥበብና አርኪዮሎጂ የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ እጅዎ ከገባ፣ ውድ አንባቢ፣ እስቲ ሽፋኑን ይመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት አንድ ነገር ነው፤ እንደ አዲስ ነጠላ የነጣ እብነ በረድ፣ ብሌን የሌለው ዓይን፣ ደም የሌለው ከንፈር። ውስጡንም ቢገልጡት ነጭ በነጭ ነው። ወደ መጨረሻው ግድም፣ ሐውልቶቹ ቀለም ሳይቀቡ እንዳልቀሩ የምትናገር አንዲት ዓይን አፋር ዓረፍተ ነገር ታጋጥምዎ ይሆናል። የእኔ ጠብ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። «ሳይቀቡ አልቀሩም» ብሎ ነገር ምንድነው? ተቀብተዋል! ይህም የታወቀው ትናንት አይደለም።

ምስክሮቹ ግሪኮቹ ራሳቸው ናቸው። ዩሪፒዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ412 ለመድረክ ባበቃው «ሔለን» በተሰኘው ተውኔቱ፣ ያቺ አገር ያፋጀች ቆንጆ ውበቷ መከራ ሆኖባት፣ ቀለም ከሐውልት ላይ እንደሚፋቅ መልኳ ተፍቆ አስቀያሚ ብትሆን ትመኛለች። ልብ ይበሉ፤ ለአቴንስ ተመልካች ቀለሙ የተፋቀ ሐውልት ማለት የተበላሸ ሐውልት ነበር። እኛ ዛሬ የውበት ቁንጮ ብለን የምናደንቀው ያንኑ የተበላሸውን ነው። ፕላቶም «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ የሐውልት ዓይን በምን ቀለም መቀባት እንዳለበት እንደ ተራ ነገር አንሥቶ ያልፋል። ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ፣ ፕራክሲተለስ ከእብነ በረድ ሥራዎቹ የትኞቹን እንደሚወድ ቢጠየቅ ሠዓሊው ኒኪያስ እጁን ያሳረፈባቸውን መረጠ ሲል ጽፏል። ቀራጩ ራሱ እንዲህ ካለ ሌላው ማን ነውና ነው የሚከራከረው?

መሬቷም መስክራለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ፋርሶች አቴንስን አቃጥለው አክሮፖሊስን ባፈረሱ ጊዜ፣ አቴናውያን የተሰባበሩትን ሐውልቶች እዚያው ኮረብታው ላይ ቀበሯቸው። ከ2,300 ዓመታት በኋላ፣ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ተቆፍረው ሲወጡ ቀዩም፣ ሰማያዊውም፣ አረንጓዴውም ገና ከልብሳቸው እጥፋት አልለቀቀም ነበር። ያን ጊዜ፣ በ1886፣ የተገኘችው ባለ ፔፕሎሷ ልጃገረድ ዛሬም አቴንስ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች፤ የቀለሙ ርዝራዥ አሁንም ይታይባታል። በዓመቱ ሲዶን ላይ የወጣው፣ «የእስክንድር» የሚባለው (የእሱ አይደለም እንጂ) የድንጋይ ሬሳ ሣጥንም ኢስታንቡል ሄዶ ላየው ሰው ቀለሙን ይዞ ይጠብቃል።

ለመሆኑ ፓርተኖን የተሠራላት የአቴና ሐውልት ከምን ነበረች? ከእብነ በረድ አልነበረችም። በ438 ከክርስቶስ ልደት በፊት ፊዲያስ ያቆማት አቴና ገላዋ የዝሆን ጥርስ፣ ልብሷ ወርቅ ነበር። ቱኪዲደስ ወርቁን 40 ታለንት ይለዋል፤ በእኛ ሚዛን ከ10 ኩንታል በላይ መሆኑ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ከጣሊያን ሪያቼ የባሕር ዳርቻ የወጡት ሁለት የነሐስ ተዋጊዎችም ከንፈራቸው ከመዳብ፣ የአንደኛው ጥርስ ከብር ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ጌጥ ያልበዛበት ሕዝብ ነው ጭምትና ነጭ ውበት ብቻ ይወድ ነበር የሚባለው?

ወሬው የተነሣው ከጀርመኑ ቪንክልማን ነው። በ1764 የጥንታዊ ኪነ ጥበብን ታሪክ ሲጽፍ፣ ገላ በነጣ ቁጥር ይበልጥ ያምራል አለ። ይህ ሰው የግሪክን መሬት ረግጦ አያውቅም። ሮም ተቀምጦ ያያቸው በአብዛኛው ሮማውያን የቀዱዋቸውን፣ ዝናብና አፈር ያጠባቸውን ቅጂዎች ነው። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። ፖምፔይ ላይ በ1760 የወጣችውን ባለ ቀለም የአርጤምስ ሐውልት አይቷል፤ ቀለሟንም ጽፏል። በመጽሐፉ ግን ከግሪክ ሳይሆን ከኤትሩስካን ሥራዎች ጋር ቆጠራት። ማስረጃው ከሐሳቡ ጋር አልስማማ ሲል አገሩን ቀየረለት!

ከእሱ በኋላ ጎቴ በ1810 ስለ ቀለም በጻፈው መጽሐፉ፣ ደማቅ ቀለም የሚወዱት ያልሠለጠኑ ሕዝቦችና ሕፃናት ናቸው አለ። እንግዲህ ይኼ ስለ ድንጋይ ብቻ የተነገረ ነገር አይደለም። ነጭነት የአእምሮ፣ ቀለም የአረመኔ ምልክት ተደረገ፤ ከሐውልቱ ገላም ወደ ሰው ቆዳ ለመሻገር ጊዜ አልፈጀበትም። ግድግዳው ሁሉ በቀለም በተሞላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገ አንባቢ ይህን ፍርድ በዝምታ የሚያልፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ሐሳቡ ውሎ አድሮ መፋቂያ ያዘ። ሎርድ ኤልጂን ከፓርተኖን አስነቅሎ የወሰዳቸውን ቅርጾች የእንግሊዝ መንግሥት በ1816 በ35,000 ፓውንድ ገዝቶ ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጥቷል። በ1930ዎቹ ዱቪን የተባለው የሥዕል ነጋዴ አዳራሽ ሊያሠራላቸው ገንዘብ ሰጠ፤ ቅርጾቹ ግን ነጣ እንዲሉለት ፈለገ። በ1937 እና በ1938 ሠራተኞች በመዳብ መሣሪያና በካርቦረንደም ፈተጓቸው። የተገፈፈው በዘመን ብዛት የያዙት ማር መሳይ ገጽታቸውና የቀራጩ እጅ የተወው ልስላሴ ነው። ሙዚየሙ ነገሩን ሲደርስበት አስቆመው፤ በአደባባይ በዝርዝር የተመከረበት ግን በ1999 ነው። እንግዲህ ጠባቂው ራሱ ፋቂ ከሆነ ለማን አቤት ይባላል?

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ባለ ቀለሞቹን ቅጂዎች አይቻቸዋለሁ፤ የሕፃን መጫወቻ ይመስላሉ» አለኝ። ከ2003 ጀምሮ ከሙኒክ ተነሥተው ብዙ ከተማ የዞሩትን የብሪንክማን ባልና ሚስት ሥራዎች ማለቱ ነው። በከፊል እውነቱን ነው። ርዝራዡ ቀለሙ ምን እንደ ነበር ይናገራል እንጂ ሠዓሊው እንዴት አድርጎ ጥላና ብርሃን እንዳሳየበት ሁልጊዜ አይናገርም፤ ቅጂዎቹም አንዳንድ ቦታ ድፍን ብለዋል። ግን ቅጂው ተበላሸ ተብሎ ዋናው ነጭ ነበር አይባልም። የወዳጄን ዓይን ያስለመደው ያው የመጽሐፉ ሽፋን ነው።

በ2009 ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ተመራማሪዎች በቅርጾቹ ላይ ቀይ ብርሃን አበሩባቸው። «የግብጽ ሰማያዊ» የሚባለው ቀለም ቅንጣቱ እንኳ ቢተርፍ፣ እንዲህ ሲበራበት ዓይን የማያየው፣ ካሜራ ግን የሚይዘው ጨረር ይመልሳል። ከመፋቂያው 70 ዓመታት በኋላ፣ በአማልክት መልእክተኛይቱ በኢሪስ መቀነት ላይ በራ።